ኪኔክት፣ የሴንሰር ልብስ ወይስ ሁለት ስልክ? ብራችሁን ከማውጣታችሁ በፊት

በዚህ ወር ብቻ አራት ሰው ደውሎልኛል። ጥያቄያቸው አንድ ነው። የሰው እንቅስቃሴ ቀድተው ብሌንደር በሚባለው የአኒሜሽን ፕሮግራም ውስጥ ላለው ገጸ ባሕሪያቸው ማልበስ ይፈልጋሉ። ከዚያ ገጸ ባሕሪውን በካሜራ ከተቀረጸ ቪዲዮ ውስጥ ማስገባት ይፈልጋሉ። «ምን ልግዛ?» ይላሉ። አራተኛው ደዋይ ከዱባይ የሚመጣ የአክስት ልጅ አለው። ልጁ በደወለልኝ ጊዜ ከሁለት ቀን በኋላ ሊነሳ ነበር። «ኪኔክት የሚባለውን የጨዋታ ካሜራ ያምጣልኝ ወይስ ይቅር?» አለኝ። ይቅር አልኩት። ምክንያቱን በስልክ ተናግሬ ስለማልጨርሰው እዚህ ላስቀምጠው።

ከወዲሁ ልንገራችሁ። የእኔ ምርጫ ሁለት ስልክና ነጻ ሶፍትዌር ነው። ሦስቱንም ሞክሬያለሁ። ኪኔክት ገዝቼ ከስሬበታለሁ። የሴንሰር ልብስ ተከራይቼ ሠርቼበታለሁ። በሁለት ስልክ ደግሞ አሁን እንጀራዬን እየበላሁበት ነው።

ሁሉም የተጀመረው በአንድ ሥራ ነው። አንድ ደንበኛ ለእንቁጣጣሽ አጭር ማስታወቂያ ፈለገ። አንዲት ልጅ ቡና ታፈላለች። ረከቦቱ ላይ ያለው ጀበና እጅና እግር አውጥቶ እስክስታ ይወርዳል። ልጅቷ እውነተኛ ናት፣ ጀበናው አኒሜሽን ነው። ካሜራው በእጅ የተያዘ ነው። የጀበናው እንቅስቃሴ ከአንድ ተወዛዋዥ ይቀዳል። እስክስታ ደግሞ ትከሻ ነው። ትከሻውን ያዙልኝ፤ ከታች እመለስበታለሁ።

ኪኔክቱ ምን እንዳስወጣኝ

ኪኔክት ማይክሮሶፍት ለኤክስቦክስ ጨዋታ ብሎ የሠራው ካሜራ ነው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2010 ወጣ። ከኤክስቦክስ ዋን ጋር የመጣው ሁለተኛው በ2013 ነው። ለሞሽን ካፕቸር፣ ማለትም የሰው እንቅስቃሴ ለመቅዳት፣ ሰው የሚፈልገው ሁለተኛውን ነው፤ 25 መገጣጠሚያ ይለያል። እኔም እሱን ገዛሁ። ያገለገለ፣ 4,500 ብር። ሻጩ ከጨዋታው ጋር ሰክቶ አሳየኝ። ይሠራል። ርካሽ መሰለኝ።

ችግሩ ኪኔክቱ ኮምፒውተር ላይ በቀጥታ አይሰካም። አዳፕተር ይፈልጋል። ማይክሮሶፍት ኪኔክቱን ማምረት እ.ኤ.አ. በ2017 አቆመ፤ አዳፕተሩን ደግሞ በ2018 መጀመሪያ። ስለዚህ ዛሬ አዲስ ተብሎ አዳፕተር ሲሸጥላችሁ ኮፒ ነው ብላችሁ ተነሱ። እኔ ይህን አላወቅኩም። 3,800 ብር ከፈልኩ። ካርቶኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ጥርት ያለ ነው። ማታ ሰካሁት። መብራቱ በራ። ኮምፒውተሩ «ድን» ብሎ አወቀው። ከዚያ ተቋረጠ። እንደገና «ድን»። ተቋረጠ። በየአሥር ሴኮንዱ እንዲህ ሲል አመሸ።

መጀመሪያ ገመዱን ጠረጠርኩ፣ ቀጥሎ ኮምፒውተሩን። ይህ ኪኔክት ዩኤስቢ 3 ካልሆነ አይሠራም። ዩኤስቢ 3 ሆኖም ቺፑ የኢንቴል ወይም የሬኔሳስ ካልሆነ ያስቸግራል። ስለዚህ ለዴስክቶፑ በ2,500 ብር ካርድ ገዛሁ። አሁንም «ድን»።

በመጨረሻ ለአንድ የላፕቶፕ ጠጋኝ ወሰድኩለት። ቴስተሩን አወጣ። የአዳፕተሩ ፓወር ሰፕላይ ላይ 12 ቮልት፣ 2.67 አምፔር ተብሎ ተጽፏል። ባዶውን ሲለካው 12 አለ። ኪኔክቱ ተሰክቶ ጨረሩን ሲያበራ ወደ 9 ወረደ። ጠጋኙ ዕቃውን በመዳፉ መዘን መዘን አደረገና «ይሄ እኮ ክብደት የለውም፣ ውስጡ ባዶ ነው» አለኝ። ለሲሲቲቪ ካሜራ የሚሸጠውን ባለ 12 ቮልት፣ 3 አምፔር ፓወር ሰፕላይ በ900 ብር ገዝቼ አመጣሁለት። የድሮውን ገመድ ቆርጦ ከአዲሱ ጋር በየደው። ኪኔክቱ በራ፣ አልተቋረጠም።

እንግዲህ ደምሩት። 4,500፣ 3,800፣ 2,500፣ 900። 11,700 ብር። የጠጋኙ እጅና ሦስት ሳምንቴ አልተቆጠረም።

እሺ በራ። ከዚያስ? ተወዛዋዡ ፊቱን ወደ ካሜራው እስካዞረ ድረስ ደህና ነው። ዞር ያለ ጊዜ ግን ኪኔክቱ አሁንም ፊት ለፊት የቆመ ይመስለዋል። ግራ እጁ ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ይሆናል። ከ4.5 ሜትር በላይ አያይም። የሚያየው በማይታይ ጨረር ስለሆነ ፀሐይ ያለበት ግቢ ውስጥ ይደነግጣል። ቤት ውስጥ ስትገቡ ደግሞ ብርሃን ሲያንሰው የቀለም ቪዲዮው በሴኮንድ ከ30 ፍሬም (ምስል) ወደ 15 ይወርዳል፤ የአጥንቱ፣ ማለትም የመገጣጠሚያዎቹ፣ መረጃ ግን በ30 ይቀጥላል። ቪዲዮና እንቅስቃሴ ማጣመር ለሚፈልግ ሰው ይህ ራስ ምታት ነው። ትከሻውስ? ጠፋ። ተወዛዋዡ ትከሻውን ሲያርገፈግፍ ስክሪኑ ላይ ያለው አጥንት በትንሹ ይንቀጠቀጣል፣ በቃ። ተወዛዋዡ አይቶት «ብርድ የያዘው ሰው አስመሰለኝ» አለ።

ከሁለተኛው በኋላ የወጣው አዙር ኪኔክት ይሻላል የሚሉ አሉ። 399 ዶላር ይሸጥ ነበር። እሱንም ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2023 አቁሞታል። መለዋወጫ በሌለው ዕቃ ላይ ያን ያህል ብር አታፍስሱ።

የሴንሰር ልብሱ

እንደ ሮኮኮ ያሉ ሴንሰር የተገጠመባቸው ልብሶች ከ2,000 ዶላር በላይ ነው የሚሸጡት። ለሂሳብ እንዲመች 2,500 እንበል። ዶላር በባንክ 57 ብር በነበረ ጊዜ ይህ 142,500 ብር ነበር። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሬው በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ግን ዶላሩ ከ100 ብር ዘለለ። በ120 ብቻ ምቱት፣ 300,000 ብር ነው። ጉምሩክ አልገባበትም። የጣት እንቅስቃሴ የሚቀዳው ጓንት ለብቻው ይገዛል። ለአንድ ማስታወቂያ 40,000 ብር የሚከፈለው ልጅ ይህን ገዝቶ መቼ ይመልሰዋል?

እኔ ለአንድ ቀን በ8,000 ብር ተከራየሁ። የሚመሰገነውን ላመስግን። ትከሻው ላይ ሴንሰር ስላለ እስክስታው ግሩም ሆኖ ተቀዳ። ትከሻው ሲወጣ፣ ሲወርድ፣ ወደ ፊት ሲመታ፣ ሁሉም አለ። በዚህ በኩል የሚወዳደረው የለም።

ግን አራተኛ ፎቅ ላይ ነበርን። ወለሉ ኮንክሪት ነው፣ ውስጡ ፌሮ ሞልቷል። እነዚህ ሴንሰሮች አቅጣጫቸውን እንደ ኮምፓስ በመሬት መግነጢስ ነው የሚለኩት። ብረት አጠገባቸው ሲኖር ይሳሳታሉ። ተወዛዋዡ አንድ ቦታ ቆሞ ሲወርድ ስክሪኑ ላይ ያለው ሰው ወገቡ እየተጣመመ ወደ ግድግዳው ይሄዳል። ከሰዓት በኋላ ወርደን ከግቢው ሣር ላይ ስንሠራ ተስተካከለ። የኪራዩ ግማሽ ቀን እዚያ ፎቅ ላይ ቀረ።

ከቪዲዮ ጋር ስታጣምሩት ሌላ ነገር ይመጣል። ልብሱ ሰውየው እንዴት እንደተንቀሳቀሰ ያውቃል፤ የት እንደቆመ ግን አያውቅም። ጀበናው ከረከቦቱ በስተየት በኩል ነው? ከልጅቷ ምን ያህል ይርቃል? ይህን በዓይን እየገመታችሁ ታስተካክላላችሁ። እግሩም ቀስ በቀስ ስለሚንሸራተት ከቪዲዮው ወለል ጋር በየጥቂት ሴኮንዱ ታስታርቃላችሁ።

የሶኒው ሞኮፒ ርካሽ ነው የሚል ካለ፣ እውነት ነው። አሜሪካ ውስጥ በ449 ዶላር ነው የወጣው። ያሉት ሴንሰሮች ግን 6 ናቸው፤ ራስ፣ ወገብ፣ ሁለቱ የእጅ አንጓዎች፣ ሁለቱ ቁርጭምጭሚቶች። ትከሻው ላይ ምንም የለም። በግምት ነው የሚሞላው። ለእስክስታ ብላችሁ እንዳትገዙት።

ሁለት ስልክ

አሁን የምሠራበት ይኸው ነው። አንዱ ስልክ የእኔ፣ ሌላው የወንድሜ። ሁለት ትራይፖድ ከነስልክ መያዣው 2,600 ብር። ሁለት የኤልኢዲ መብራት 700 ብር። ማተሚያ ቤት ያስወጣሁት ሰሌዳ 450 ብር። ጠቅላላ 3,750 ብር። ከኪኔክቱ ኮፒ አዳፕተር ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል።

ሶፍትዌሩ ፍሪሞካፕ ይባላል። ነጻ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው። ሰውን ከቪዲዮ ላይ የሚለየው በጉግል ሚዲያፓይፕ ነው፤ 33 ነጥብ ሰውነት ላይ ያስቀምጣል። ሁለት ካሜራ ከተለያየ ጎን ሲያየው ጥልቀቱን ያሰላል፣ ከዚያ በቀጥታ የብሌንደር ፋይል ያወጣላችኋል። ካሜራዎቹ እርስ በርሳቸው የት እንዳሉ የሚያውቀው ቼዝ የመሰለች ሰሌዳ ፊታቸው ስታንቀሳቅሱ ነው። ሰሌዳዋ ዝርግ መሆን አለባት። እኔ መጀመሪያ ወረቀቱን ብቻ ይዤ ሠራሁ። ወረቀቱ ጠርዙ ላይ ትንሽ ተጠቅልሎ ነበር። ተወዛዋዡ አንድ ጎኑ አጭር ሆኖ ወጣ። ከፎም ቦርድ ላይ በደንብ አጣብቁት። ካሬዎቹንም በማስመሪያ ለኩ፤ ማተሚያው አሳንሶት ሊሆን ይችላል።

ልብስ ላይ ተጠንቀቁ። ቀሚስ የለበሰች ሴት ጉልበቷ የት እንዳለ ሶፍትዌሩ አያውቅም፣ ይገምታል። ነጠላ ክንድ ይሸፍናል። በቀረጻው ቀን ጠባብ ሱሪና ጠባብ ቲሸርት ይሁን። ቀሚሱን በኋላ ብሌንደር ውስጥ አልብሱት።

ትከሻውን እዚህም ያዳክመዋል፣ አልዋሻችሁም። ሚዲያፓይፕ ለአንድ ትከሻ አንድ ነጥብ ብቻ ነው ያለው። ሁለት ነገር ሳደርግ ግን ብዙ ተሻሻለ። አንደኛ፣ በ60 ፍሬም ቀረጽኩ። በ30 ሲሆን የትከሻው ምት በሁለት ፍሬም መካከል ይሰወራል። ሁለተኛ፣ ቀን ቀን ከመስኮት አጠገብ ቀረጽኩ። ትከሻው እንዳይደበዝዝ ሻተሩ (ካሜራው ለአንድ ምስል ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ) ፈጣን ይሁን፣ 1/200 ሴኮንድ አካባቢ። ማታ በርካሽ ኤልኢዲ ያንን ስታደርጉ ግን የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ምስሉ ላይ ጥቁር መስመር ይሄዳል። ማታ ከሆነ 1/100 ላይ መቆየት ነው። የቀረውን ትከሻ በእጄ ሠራሁት። ብሌንደር ውስጥ የተቀዳውን እንቅስቃሴ ሳልነካ ኤንኤልኤ በሚባለው፣ እንቅስቃሴ በሚደራረብበት ክፍል ላይ ሌላ ንብርብር ጨመርኩ። የትከሻውን ኪፍሬም (አጥንቱ በዚያ ፍሬም ላይ የት እንደሚሆን የሚያዘውን ምልክት) ከከበሮው ምት ጋር እያየሁ አስቀመጥኩ። ለ12 ሴኮንድ እስክስታ አንድ ሙሉ ቀን ፈጀብኝ። አንድ ቀን እንጂ 300,000 ብር አይደለም።

ቪዲዮ ስትጭኑላቸው እንቅስቃሴውን የሚመልሱ ድረ ገጾችም አሉ። አንዱን ሞክሬያለሁ፣ ውጤቱ መጥፎ አልነበረም። ክፍያው በዶላር ካርድ ነው። ዋሽንግተን ያለች የእህቴ ጓደኛ ከፈለችልኝ። በወሩ ማለቂያ ሳንጠየቅ እንደገና ከካርዷ ቆረጡ። በሰው ካርድ እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ አትግቡ። የተበላሸው ከእሷ ጋር ያለኝ ነገር ነው፣ አሁንም ይከነክነኛል።

ትልቁ ምክንያቴ

ስለ መቅጃው ብዙ አወራሁ። ግን እንቅስቃሴና ቪዲዮ ስታጣምሩ ጊዜያችሁን የሚበላው መቅጃው አይደለም። ሰዓቱ ነው።

ልብሱና ኪኔክቱ የራሳቸው ሰዓት አላቸው። ቪዲዮ የምትቀርጹበት ካሜራም የራሱ አለው። አንዱ በትክክል 30 ፍሬም ይቆጥራል፣ ሌላው 29.97። ትንሽ ትመስላለች። አሥር ደቂቃ ላይ ግን 18 ፍሬም ልዩነት ነው፤ ከግማሽ ሴኮንድ በላይ። ለሚራመድ ሰው ላይታይ ይችላል። ለእስክስታ ከበሮው ሌላ፣ ትከሻው ሌላ ይሆናል።

በሁለት ስልክ ስትሠሩ እንቅስቃሴው የሚወጣው ከቪዲዮው ራሱ ነው። 214ኛው ፍሬም ላይ ክንዱ ከፍ ካለ፣ አጥንቱም 214ኛው ላይ ከፍ ይላል። ማስታረቅ የለም። ቦታውም ቢሆን ይታወቃል፤ ሰውየውን የቀዳው ካሜራ ክፍሉንም ያያል። እኔን ወደ ስልክ ያዞረኝ ዋናው ይህ ነው። ርካሽነቱ በላዩ የተጨመረ ነው።

ስልክ ግን አንድ ጠባይ አለው። 30 ይበላችሁ እንጂ ብርሃን ሲያንሰው ፍሬሙን ያዘገያል፣ መልሶ ያፈጥናል። ሃንድብሬክ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም መጀመሪያ ወደ ቋሚ ፍሬም ቀይሩት። ሁለቱም ቪዲዮ እኩል የፍሬም ብዛት ይኑረው። ቀረጻው ሲጀምርና ሲያልቅ ተወዛዋዡ አንድ አንድ ጊዜ ያጨብጭብ። በሁለቱ ጭብጨባ መካከል ያለው ፍሬም ሁለቱም ስልክ ላይ እኩል ከሆነ ተገላግላችኋል።

ከሌላ ቦታ የቢቪኤች ፋይል (የተቀዳ እንቅስቃሴ የሚቀመጥበት ፋይል) የምታመጡ ከሆነ ደግሞ እኔ የወደቅኩበትን ጉድጓድ ላሳያችሁ። ፋይሉ በ30 ፍሬም የተቀዳ ነበር። የብሌንደር ፕሮጀክቴ 25 ላይ ነው። ዝም ብዬ አስገባሁት። የ10 ሴኮንዱ ውዝዋዜ 12 ሴኮንድ ሆነ። ከዘፈኑ ጋር አልገጥም ሲለኝ ተወዛዋዡ ዘግይቶ ነው ብዬ አሰብኩ። እንደገና ጠርቼ አደከምኩት። ስታስገቡት «ስኬል ኤፍፒኤስ» የሚለውን ምልክት አድርጉበት፣ ራሱ ያስተካክለዋል።

ቪዲዮው ላይ ማስቀመጥ

የማስታወቂያው ቪዲዮ በእጅ የተቀረጸ ስለነበር ብሌንደር ውስጥ ካሜራ ትራኪንግ አስፈለገ፤ ቪዲዮው ላይ ያሉ ነጥቦችን እየተከተለ ካሜራው እንዴት እንደተንቀሳቀሰ ያሰላል። ቢያንስ 8 ነጥብ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መከተል አለበት። ወለሉ ላይ ቄጠማ ተጎዝጉዟል። ለትራኪንግ ከቄጠማ የተሻለ የለም ብዬ ደስ አለኝ፤ ዝርዝር የበዛበት ነው። ብሌንደር የሚያሳየው የስሌቱ ስህተት ግን ከ3 ፒክስል አልወርድ አለ። ፍሬም በፍሬም ሳየው ልጅቷ እግሯን ባነሳች ቁጥር ቄጠማው ይነቃነቃል፣ ነጥቦቼም አብረውት ይሄዳሉ። ሁለቱ ነጥቦች ደግሞ የዕጣኑ ጢስ ላይ ተሳፍረው ወደ ላይ ወጥተዋል። እነሱን ሰርዤ በረከቦቱ ማዕዘኖች፣ በሲኒዎቹ ጆሮና በግድግዳው ሶኬት ላይ ተከልኩ። 0.4 ገባ። ጀበናው ረከቦቱ ላይ እንደተተከለ ቀረ።

የስልኩን ማረጋጊያ ከመቅረጻችሁ በፊት አጥፉ። ምስሉን እየቆረጠ ስለሚያረጋጋው ትራኪንጉን ያሳስተዋል። ዙም አትንኩ። ካሜራው ትራይፖድ ላይ ከሆነ ትራኪንግ ጭራሽ አያስፈልግም። ኤፍስፓይ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ከአንድ ምስል የካሜራውን አቀማመጥ ይሰጣችኋል። ለጀማሪ የምመክረው እሱን ነው። ባዶውን ክፍል፣ ያለ ተወዛዋዡ፣ ለብቻው መቅረጽ እንዳትረሱ። ጥላውን ሳይክልስ (የብሌንደር ምስል ማውጫ) ውስጥ «ሻዶው ካቸር» የሚለው ምርጫ ይሠራላችኋል።

የአኒሜሽን ሶፍትዌሩ ላይ ብዙ አልከራከርም። ብሌንደር ነጻ ነው፣ ትራኪንጉም፣ አኒሜሽኑም፣ ማጣመሩም አንድ ቦታ ነው። እንቅስቃሴውን ወደ ራሳችሁ ሪግ (የገጸ ባሕሪው አጥንት) ለማዛወር ሮኮኮ በነጻ የሚሰጠው አድኦን (ተጨማሪ ፕሮግራም) አለ፤ ልብሱን ሳትገዙ ይሠራል። ሞሽንቢልደር የሚባለው ሌላ የአኒሜሽን ሶፍትዌር ለዚህ ሥራ ጎበዝ ነው። የሚከፈለው ግን በኪራይ፣ በዶላር ነው። ስለዚህ ሰው ክራኩን፣ ሳይከፈልበት የተሰበረውን ቅጂ፣ ይጭናል። እኔም አንዴ ከሰው ፍላሽ ላይ የሌላ ፕሮግራም ክራክ ጭኜ ነበር። በማግስቱ የሁለት ወር ሥራዬ ፋይሎች ሁሉ ተቆልፈው ገንዘብ ይጠየቅባቸው ጀመር። አንዱንም አላስመለስኩም።

ልብሱን መቼ ትያዙ? ዳንስ ብቻ የሆነ ረጅም ሥራ ካላችሁና ደንበኛው ኪራዩን የሚችል ከሆነ። ያኔም ተከራዩ እንጂ አትግዙ፣ ቀረጻውም ምድር ላይ ይሁን፣ ከፎቅና ከቆርቆሮ ራቁ። ኪኔክት ግን ማንም በነጻ ካልሰጣችሁ ይቅርባችሁ።

ያ ከዱባይ ዘመድ የሚመጣለት ልጅ ኪኔክቱን ትቶ በ60 ፍሬም የሚቀርጽ፣ ሻተሩንና ፎከሱን መቆለፍ የሚያስችል ያገለገለ ስልክ አስመጣ። ትናንት ማታ የመጀመሪያውን 10 ሴኮንድ ላከልኝ። እህቱ ናት የወረደችው። ትከሻው ገና ይቀረዋል፤ እግሩ ግን አልተንሸራተተም።